ዓይኔን ግንባር ያድርገው

የባዮሎጂ አስተማሪ ሆኜ ደም ማየት አልወድም። ሽታውንም አልችለውም። ትምህርት ቤታችን ግን የዓይን ሞዴል ስለሌለው፣ ጭሮ ገበያ ጫፍ ካለ ሥጋ ቤት የፍየል ጭንቅላት ልገዛ ሄድኩ። ባለ ሥጋ ቤቱ በፌስታል ጠቅልሎ ሰጠኝ፤ ፌስታሉ ቀዳዳ ነበር። ባጃጅ ውስጥ ሱሪዬ ላይ ተንጠባጠበ፣ አንዱ የጣለው የጫት ገረባ ጫማዬ ላይ ተለጠፈ፣ ዝንቡም አብሮን ተሳፈረ። ሹፌሩ አፍንጫውን ይዞ፣ "ቲቸር፣ ይሄን ልትበላው ነው?" አለኝ። አፌን ብከፍት የሚወጣው ሌላ ነበር።

ጭሮ ከተመደብኩ ዓመት አልሞላኝም፤ ኦሮምኛዬ ከሰላምታ አያልፍም ነበር። አከራዬ ትልቅ ሴት ናቸው። አማርኛ ይችላሉ፣ ሲቸኩሉ ግን ኦሮምኛ ጣል ያደርጉበታል። ከትምህርት ቤት ስመለስ ሻይ ይጠሩኛል። ከፔርሙስ ስቀዳ ታዲያ ሻዩ ብርጭቆውን ስቶ ትሪው ላይ ይፈሳል። መጀመሪያ አልፎ አልፎ ነበር፣ በኋላ በየቀኑ ሆነ።

"ኢጃ ደህና አይደለም፣ ልጄ። ሐኪም ይየው" አሉኝ አንድ ቀን።

እኔ የሰማሁት "እጅ" ነው። እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ደግሞ እኔ ባደግኩበት አገር ስሙ ጠጪ ነው። ደሜ ፈላ። እጄን ፊታቸው ዘርግቼ፣ "ይኸው እማማ፣ ይዩት፣ ይንቀጠቀጣል? እጄ ታሞ ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው" አልኳቸው። ግራ ገብቷቸው እጄን አዩ፣ ፊቴን አዩ። ከዚያ ወዲህ ሻያቸውን ተውኩ። ሲጠሩኝ በሬን ዘግቼ የተኛሁ እመስላለሁ። አራት ወር ሙሉ እንዲህ ኖርኩ።

የፍየሉን ጭንቅላት ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ምላሱ በጎን ወጥቷል፣ ከአፍንጫው የሆነ ነገር ይወርዳል። ጥርሴን ነክሼ ማስተማር ጀመርኩ። የፍየል ዓይኖች ግራና ቀኝ ስለሆኑ አንገቷን ደፍታ ስትግጥ ከኋላዋ የሚመጣውን ሳይቀር ታያለች። ሁለቱ ዓይኖች አብረው የሚያዩት ግን ከፊቷ ያለችውን ጠባብ ቦታ ብቻ ነው፤ ርቀት በደንብ የሚለካው እዚያ ነው። ድመት ዓይኖቿ ወደ ፊት የዞሩት ዘላ የምትይዘውን መለካት ስላለባት ነው። ይህን እያልኩ አንዱን ዓይን በምላጭ ፈልቅቄ ሳወጣ የሚያዳልጥ ውሃ እጅጌዬ ላይ ተረጨ። ትውከቴን መልሼ ዋጥኩት።

ከፊት የተቀመጡት ተማሪዎች "ኢጃ፣ ኢጃ" እያሉ ይንሾካሾካሉ።

"የምን እጅ? ይሄ ጭንቅላት ነው" አልኩ ተቆጥቼ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አንዷ ጣቷን ዓይኗ ሥር አድርጋ፣ "ቲቸር፣ ኢጃ ማለት እኮ በኦሮምኛ ዓይን ነው" አለችኝ።

አከራዬ ትዝ አሉኝ። ቢሆንም ያሰብኩትን ቀጠልኩ። እስክሪብቶና ክዳኑን በሁለት እጄ ዘርግቼ ይዤ፣ በአንድ ዓይን መግጠም እንደሚያስቸግር፣ በሁለት ግን ቀላል እንደሆነ ላሳያቸው ነበር። ሁለቱንም ዓይኔን ከፍቼ ሦስት ጊዜ ሳትኩ። ተማሪዎቹ የማስቃቸው መሰላቸው። ፍየል ፍየል በሚሸተው መዳፌ ግራ ዓይኔን ሸፈንኩ። ጭንቅላቱም፣ ተማሪዎቹም፣ መስኮቱም ጠፉ፤ የቀረኝ አመድ የመሰለ ነገር ብቻ ነው።

ሐረር ያየኝ ሐኪም የዓይን ግፊት ነው አለ። "ግራውን በጠብታ እናተርፈዋለን፣ ቀኙ ግን ሞቷል። ከአራት ወር በፊት ብትመጣ እሱንም እናቆየው ነበር። አጠገብህ ያለ ሰው ምንም አላለህም?"

የፍየሉን ሽታ በሳሙና አስለቅቄዋለሁ፤ ያ ኩራቴ ግን ትዝ ሲለኝ ዛሬም ያቅለሸልሸኛል።

ስመለስ የአከራዬን በር አንኳኳሁ። የሐኪሙን ነገር ነገርኳቸው። ሻዩን ራሳቸው ቀድተው፣ እጄን ይዘው ብርጭቆውን አስጨበጡኝ።

"ኢጃ አልኩህ" አሉ ቀስ ብለው። "አንተ እጅ አሳየኸኝ።"