ሚዜዎቹ ይዘውት የመጡት ጩኸታም መኪና

በደርግ ጊዜ ሴት ልጄን ስድር፣ የሙሽራው ሚዜዎች ከተማችን መካነ ሰላም የገቡት እሪ በሚል መኪና ነበር። ቀበሌው ሁሉ ስብሰባ የተጠራ መስሎት ግልብጥ ብሎ ወጣ! የኋላው ኮፈን ሲከፈት መብራት የሚያበራውና ክላክስ የሚያስጮኸው ማብሪያ ተበላሽቶ፣ ኮፈኑ ተዘግቶም ያስጮኸው ነበር። ሹፌሩ ኮፈኑ ሲዘጋ እንዲጫነው ማብሪያው ላይ ሰም ለጠፈበትና ጸጥ አለ።

«ከእንግዲህ የሚጮኸው ኮፈኑ ሲከፈት ብቻ ነው፣ እናቴ» አለኝ።

ወላሂ፣ ደስታዬ! ሚዜ ከሙሽራ ቤት ዶሮ መስረቁ ወግ ነው፤ ከእኔ ቤት ግን ላባ የወሰደ የለም።

«ሞክሩኛ፣ እናንተ ጭልፊቶች!» አልኳቸው።

ምሳ ላይ መኪናው ጮኸ። በትሬን ይዤ በረርኩ። ሚዜዎቹ ከገበታው አልተነሡም። በተከፈተው ኮፈን አጠገብ፣ ቀይ ዶሮዬን በካባዋ ሸፍና የቆመችው ሙሽራይቱ ልጄ ናት!

«እማ፣ ቀስ በይ» አለችኝ በሹክሹክታ፣ «ሰው ይሰማል!»