«በኩል» የምትለው ቃል

ልብስ ሰፊው ከስፌት መኪናው ኋላ ተቀምጧል፤ ራዲዮው ከራሱ በላይ መደርደሪያው ላይ ነው። ከማክሰኝት እህል የሚያመላልሰው ሾፌር በሩን ተደግፎ ቆሟል። አባቴ መቋሚያቸውን ይዘው ከራዲዮው ፊት፣ እናቴ ከኋላቸው፣ እኔ ከእናቴ ጎን። ሌላው ሰው ውጭ፣ የከተማችን ፒያሳ ላይ ነው።

ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቀን፣ እሑድ ነበር። ብሔራዊ ቡድናችን አዲስ አበባ ላይ ከግብፅ ጋር ለአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ይጫወታል። አባቴ መሪጌታ ነበሩ፤ በባሕረ ጥምቀቱ ሲያዜሙ ሰንብተው ድምፃቸው ተዘግቷል። ኳስ አይወዱም። ታላቅ ወንድሜ ለትምህርት አዲስ አበባ ሄዶ ኳስ ተጫዋች መሆኑን የሰሙ ዕለት፣ «ዜማውን ጥሎ ቆዳ ይራገጣል» አሉ። ከዚያ ወዲያ ስሙን አላነሱም።

ያለዘብኳቸው እኔ ነኝ። ቤት ከቀረነው ዘመናዊ ትምህርት የተማርኩ እኔ ስለነበርኩ ደብዳቤው የሚመጣው ለእኔ ነበር። በመጨረሻው ደብዳቤ ላይ፣ «ለአባዬ ንገሪልኝ፣ ለቡድኑ ተመርጫለሁ። ስማቸውን አገር ይሰማዋል» ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩላቸው።

«የኔን ስም?» አሉ።

«የአባት ስም ሳይጠራ ይቀራል?» አልኳቸው።

ስለዚህ መጡ። የታጠበ ጋቢ ለብሰው።

አሰላለፉ ተነበበ። ወንድሜ ከአሥራ አንዱ አልነበረም። ከዚያ ተጠባባቂዎቹ ተጠሩ፤ ሦስተኛው እሱ ነው። የተከተለው የአባት ስም ግን የአባቴ አይደለም፤ አዲስ አበባ ቤቱ ያስጠጋው ሹም ስም ነው።

«ምነው፣ ሌላ ልጅ ይሆን?» አለች እናቴ።

ሾፌሩ ሳቀ። «መሪጌታ፣ ልጁ አዲስ አበባ አባት ወለደ እንዴ?»

«አንተ ሰውዬ፣ አፍህን ሰብስብ» አለው ልብስ ሰፊው።

«ምን አልኩ? የወለደውስ ሸጋ አባት ነው። ባለ መኪና።»

እናቴ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሳበችው። ልጇ በሌላ ወንድ ስም ሲጠራ ገበያው ምን እንደሚል ታውቃለች።

«ተሳስቶ ነው» አሉ አባቴ። «ይደግመዋል።»

በእሳቸው ጉባኤ የተሳሳተ ተማሪ እስኪያቀና ይደግማል። ራዲዮ ግን ድገም አይባልም። ግብፆች አገቡ፤ አቻ ሆንን። እንደገና አገቡ፤ እንደገና አቻ ሆንን። ጭማሪ ሰዓት ተጀመረ። ተናጋሪው ስም በጠራ ቁጥር አባቴ ጆሯቸውን ያስጠጋሉ። ከመስመር ውጭ የተቀመጠ ተጫዋች እንደማይጠራ የነገራቸው የለም። እኔም አልነገርኳቸውም።

እኔ የማስበው ስለ ፖስታው ነበር። በመጀመሪያው ዓመት አድራሻውን የምጽፈው ከወንድሜ ስም ቀጥሎ የሹሙን ስም «በእገሌ በኩል» እያልኩ ነው። በሁለተኛው ዓመት፣ «በኩል የምትይውን ተይው፤ ፖስታ ቤቱ አውቆኛል» አለኝ። ቀለም ለመቆጠብ መሰለኝ። ተውኩት። የእሱንና የሰውየውን ስም ጎን ለጎን፣ አሳምሬ ጻፍኩ፤ እጅ ጽሑፌ ጥሩ ነበር። አስጠጊን ከአባት የምትለየው ያቺ አንዲት ቃል መሆኗን ያን ጊዜ አላሰብኩም። እሱ ግን አስቦታል።

አራት ለሁለት አሸነፍን። ውጭ እልልታ ሆነ። ሾፌሩ ገብቶ ልብስ ሰፊውን አቀፈው። ልብስ ሰፊው አባቴን አየና ራዲዮውን ዘጋው።

አባቴ ወደ እኔ ዞሩ።

«ደብዳቤውን በማን ስም ነበር የምትልኪው?»

ነገርኳቸው።

«በኩል አላልሽም?»

«ተይው ብሎኝ ተውኩት።»

«ስንት ጊዜ?»

«ዓመት ሙሉ።»

ፊቴን አላዩም። የምጽፍበትን ቀኝ እጄን አዩ። እጄን ነጠላዬ ውስጥ ከተትኩ። ሾፌሩ ከበሩ ገለል አለልኝ፤ ወጣሁ።