ከሌላ ሞተር የተፈቱ ከረጢቶች

ባጫ በጉለሌ የታወቀ ኮርቻ ሰፊ ነበር። በጣሊያን ጊዜ አንድ ወታደር ከሌላ ዓይነት ሞተር ብስክሌት ላይ የተፈቱ ሁለት የቆዳ ከረጢቶች ይዞ መጣና በራሱ ሞተር ብስክሌት ላይ እንዲገጥምለት አዘዘው። አንደኛው ከረጢት በጥይት ተበስቷል።

«የሟች ጓደኛዬ ናቸው» አለ ወታደሩ በአስተርጓሚ። «ነገ ጥይት ሞልቼባቸው ሽፍቶቹን ፍለጋ እንጦጦ እወጣለሁ።»

ከነዚያ «ሽፍቶች» አንዱ የባጫ ልጅ ደቻሳ ነበር። ባጫ በቀላሉ የሚበጠስ ጠፍር ሊሰፋበት አሰበ፤ ግን ቢነቃበት ቤተሰቡን እንደሚፈጁ ያውቃል። የድሮው ማንጠልጠያ አልገጥም ቢለው አዲስ ቆርጦ፣ ቀዳዳውንም ጠግኖ፣ አጥብቆ ሰፋለት።

ሞተሩ እየጮኸ ሲሄድ ሚስቱ የሺ ከጓዳ ወጣች።

«ጠፍሩን እንኳ አላልተህ ብትሰፋው ምን ነበር?» አለችው።

«ፈራሁ።»

የሺ የሞት ወሬ ሳይመጣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች።