አባቴ ያቋረጠው መርፌ

አባቴ ስኳር እንዳለበት ሲነገረው ሳቀ። «ሀብቱ ሳይመጣ በሽታው ቀደመኝ» አለ። በእኛ አገር ስኳር የሀብታም በሽታ ነው ይባላል፤ እሱ ደግሞ አሜሪካ ፒኮ ሮበርትሰን የሚባል ሰፈር የሰው መኪና ፓርክ እያደረገ የሚኖር፣ ስድሳ ዓመት ያለፈው ስደተኛ ነበር። ዘመኑ የፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ ነው። እንግሊዝኛው ከሰላምታ ስለማያልፍ ክሊኒክ የማደርሰውም አስተርጓሚውም እኔ ሴት ልጁ ነበርኩ።

ዶክተሯ ወጣት ነበረች። ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን እንዲወጋ፣ ምግቡንም በሰዓቱ እንዲበላ አዘዘችው። ጠርሙሱን ፍሪጅ ውስጥ ከበርበሬው ጎን አስቀመጥነው። አባቴ መርፌውን የጠላው ስላመመው አይደለም፤ ሰው ያውቅብኛል ብሎ ነው። መታጠቢያ ቤት ገብቶ በሩን ቆልፎ ይወጋ ነበር። ቤተ ክርስቲያን የሚያገኛቸው ጓደኞቹ ከሳህ ሲሉት «ሥራ ነው» ይላቸዋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን ተረት ያስተማረኝ ግን እሱ ራሱ ነው።

በዚያን ጊዜ ፌርፋክስ መንገድ ላይ የሐበሻ ሱቅ በጣት የሚቆጠር ስለነበር፣ አብሽና ድንብላል የምንገዛው ከአንድ ሽማግሌ ህንዳዊ ሱቅ ነበር። ሰውዬው የአገራቸውን የቆየ ሕክምና፣ አዩርቬዳ የሚሉትን፣ የተማሩ ናቸው። ከሱቁ ጀርባ በመጋረጃ የተከለለች ክፍል ነበረቻቸው። አንድ ቅዳሜ አባቴን ወሰድኩት። በሦስት ጣታቸው የእጁን ትርታ ይዘው አዳመጡ፤ ምላሱን አዩ፤ እንቅልፉን ጠየቁት፤ ከዚያ ምን ሐዘን እንዳለበት ጠየቁት። አሜሪካ ከገባ ጀምሮ ይህን የጠየቀው ሰው አልነበረም። ዓይኑ እንባ ሲያቀርር አየሁ፤ ወደ መጋረጃው ዞርኩ።

የሰጡት ነገር ሁለት ነው። አንደኛው ከመራራ አትክልት የተፈጨ ዱቄት፣ ሁለተኛው ውሃ ውስጥ አድሮ ጠዋት የሚጠጣ አብሽ። አባቴ «ለአብሽማ ህንድ ድረስ ምን አስኬደኝ» ብሎ ቀለደ። ሽማግሌው አልሳቁም። «መርፌውን እንዳያቆም። የእኔ ከእሱ ጋር ነው እንጂ በእሱ ፋንታ አይደለም» አሉኝ። አንድም ቃል ሳላስቀር ነገርኩት። እሺ አለ።

መንገድ ላይ «ጠበል የገባ ሰው መርፌ ይወጋል እንዴ?» አለኝ።

«አባዬ፣ ይሄ ጠበል አይደለም። ኢንሱሊኑን ስኪፕ ማድረግ፣ መዝለል አይቻልም።»

«ሁለት ቦታ የቆመ እምነት አያድንም» አለና መስኮቱን ከፈተ።

ነገሩ ይኸው ነበር። የአገራችን ሰው ጠበል ሲገባ ኪኒኑን ይጥላል፤ ከጣለ ነው አመነ የሚባለው። አባቴ ለህንዳዊው ዱቄት ያንን እምነት አዋሰው። ሰጪው ራሳቸው እንዲህ አድርግ አላሉትም። ጠርሙሱ ከበርበሬው ጎን እንደሞላ ከረመ። አየሁ፤ ሁለት ጊዜ ተቆጣሁ፤ በሦስተኛው «ተይኝ፣ ቀሎኛል» ሲለኝ ተውኩት። ውሃ በላይ በላዩ ይጠጣ ነበር፤ ዱቄቱ እያጠበኝ ነው ይል ነበር። መተዌ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

የክሊኒኩ ቀጠሮ ደረሰ። ዶክተሯ ደሙን ስትመረምር ስኳሩን በጣም ከፍ ብሎ አገኘችው። መርፌውን በትክክል ይወስድ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ተረጎምኩለት።

«አዎ በያት» አለ።

«አባዬ፣ እውነቱን ልንገራት?»

«ተይ፣ ለፍታለች፤ ይከፋታል።»

እኔም ከእሱ የባሰ ይሉኝታ ያሰረኝ ነኝ። ያቺ ሴት ፊት አባቴን ውሸታም፣ ራሴን ግዴለሽ ማድረግ አቃተኝ። «አዎ፣ ይወስዳል» አልኩ። እሷም እየወሰደ እንዲህ ከሆነማ አልበቃውም ብላ መጠኑን ከፍ አደረገችው።

እቤት ስንገባ ፍርሃት ያዘኝ። አልቅሼ ለመንኩት፤ ለእንባዬ ሲል መርፌውን ጀመረ። ዱቄቱንና አብሹንም አልተወም። በአዲሱ መጠን የቀዳሁለት እኔ ነኝ። ያ መጠን ለማን እንደታዘዘ አላሰብኩም፤ የታዘዘው መርፌውን ሳያቋርጥ ለቆየ፣ እኔ በአንድ «አዎ» ለፈጠርኩት ሰው ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ዓርብ ቀን፣ ጠዋት ተወግቶ ሥራ ሄደ። ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምስም። በፊተኛው መጠን ጾሙን ሲችለው ስለኖረ እኔም ብላ አላልኩትም። ፓርኪንጉ በር ላይ ያለችው ወንበር ላይ ተቀምጦ አንገቱን ደፋ። አብረውት የሚሠሩት ጓደኞቹ ጾመኛ ነው፣ ደክሞት ነው፣ ይረፍ ብለው ተውት። ስኳር እንዳለበት አንዳቸውም አያውቁም። ቢያውቁ ኖሮ ለወረደው ስኳሩ አንድ ማንኪያ ማር ይበቃው ነበር።

ሆስፒታል ሦስት ቀን ቆይቶ ዓይኑን ሳይገልጥ አረፈ። ዶክተሯ መጥታ ስትጠይቀኝ ሁሉንም ነገርኳት። አልጮኸችብኝም። «ያን ቀን ብትነግሪኝ ኖሮ መጠኑን አልነካውም ነበር» ብላ አጠገቤ ተቀመጠች። አልከፋትም፤ አዘነች እንጂ።

ለቅሶው ላይ ህንዳዊው ሽማግሌ መጡ። ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ከሐበሾቹ መሐል ተቀመጡ። ሲወጡ ሸኘኋቸው። «መርፌውን ይወስድ ነበር?» አሉኝ ቀስ ብለው።

ቤቱ ለቀስተኛ ሞልቶ ነበር። የመከሩትን ምክር ጥሎ ሞተ ብዬ እንዴት ልንገራቸው? ደግሞም አባቴን መሬት ካገባሁት ገና ሁለተኛ ቀኔ ነው። «አዎ፣ አላቋረጠም» አልኩ። አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው ጫማቸውን ብዙ ጊዜ ወስዶባቸው አጠለቁና ሄዱ።

ወደ ሱቃቸው የተመለስኩት ከስምንት ወር በኋላ ነው። አብሽ እየመዘኑልኝ ወደ ጀርባ አየሁ። መጋረጃው የለም፤ ክፍሏ እስከ ጣራው የሩዝ ጆንያ ተደርድሮባታል። ምነው ብዬ ጠየቅኳቸው።

«የሰው እጅ መያዝ ትቻለሁ» አሉ። «አባትሽ መርፌውንም የእኔንም አንድ ላይ ከወሰደ፣ ስኳሩን ከልክ በላይ ያወረደው የእኔ ዱቄት ነው።»

ያን ጊዜ ነው እውነቱን የነገርኳቸው፤ ማቋረጡን፣ ውሸቴን፣ የጨመረውን መጠን፣ ሁሉንም። ሚዛኑ ላይ ያለውን አብሽ እያዩ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ስምንት ወር» አሉ። «ስምንት ወር ሙሉ እኔ ገደልኩት እያልኩ ስጸልይለት ነበር።»

አብሹን አስረው ሰጡኝ። ተቀብዬ ወጣሁ።