መሬቱ ያላበቀለው ድንጋይ

በሬድዮ የጨረቃ ማዕድን የማን ነው እያሉ ሲከራከሩ በሰማሁ ቁጥር እበሽቃለሁ። እነሱ ጨረቃን ሊካፈሉ ነው። እኔና አጎቴ ከሰማይ በወረደ አንድ ድንጋይ ዓይንህን ላፈር ተባብለናል።

ከጅዳ ከተመለስኩ ወዲህ፣ ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ያለውን የአባቴን ማሳ በእኩል የሚያርስልኝ እሱ ነበር። መሬቱ ከእኔ፣ በሬው፣ ዘሩና ጉልበቱ ከእሱ፣ ምርቱ ለሁለት። ያኔ አንቱ እለው ነበር፤ ዛሬ ስጽፍ እንኳ እጄ እምቢ ይለኛል።

አንድ ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ በጠራ ሰማይ ነጎድጓድ ተሰማ። ገብሴ መሃል የወፍጮ መጅ የሚያህል ጥቁር ድንጋይ ወድቆ ኖሯል። ስደርስ አጎቴ ከአፈሩ አውጥቶ በጋቢው ጠቅልሎታል።

«አጎቴ፣ ማሳው የኔ ነው፤ ይስጡኝ» አልኩት።

«ማሳውማ ያንቺ ነው። የምንካፈለው ግን መሬቱ ያበቀለውን ነው። ይሄን መሬትሽ አላበቀለውም፤ አላህ ላገኘው የሰጠው ነው።»

ደሜ ፈላ። ካቻምና በረዶ ገብሱን ሲያነጥፈው የዘሩን ካሺኝ ያለኝ ይኸው ሰው ነው። «ከሰማይ የመጣ ጣጣ የባለ መሬት ነው» ብሎ ከጎተራዬ አስፍሮ ወስዷል። በረዶው የብቻዬ፣ ድንጋዩ የብቻው።

ሽማግሎች መስጊዱ ደጅ ተቀመጡልን። አንዱ ወረዳውን እንጠይቅ ቢሉ ሁለታችንም ባንድ አፍ «ተዉ» አልን፤ የመንግሥት ነው ተብሎ እንደሚወሰድ ማን ያጣዋል። የተስማማነው በዚያ ብቻ ነው። ከዚያ የበረዶውን ነገር አነሳሁ። ዘሩን ያን ጊዜ የሰፈሩት ሽማግሌ እዚያው ነበሩና «ብሏል፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ» አሉ። ተፈረደልኝ።

አጎቴ ድንጋዩን እግሬ ሥር ጣለው። «እንኪ። ከሰማይ የመጣው ሁሉ ያንቺ ነው። በሬዎቼ ግን የኔ ናቸው።»

ክረምት ገባ። አጎቷን ሸንጎ ያቆመች ተብዬ ሌላም አራሽ አጣሁ። የሱ ገብስ ከድንበሩ ወዲያ ለምልሟል፣ የኔ ማሳ ጦም አድሯል። ድንጋዩን ይዘሽ ሄደሽ ታረቂ የሚሉኝ አሉ። አልሄድም። ድንጋዩ መስኮቴ ላይ ተቀምጧል። ከሰማይ የመጣው ሁሉ የኔ ስለሆነ ዝናቡም የኔ ነው፤ አረሜን ያበቅልልኛል።