የቀጥቃጩ ሳህን

ያስገቡኝ ቤት የድሮ እህል ማከማቻ ነው። ጣራውም ግድግዳውም ቆርቆሮ፣ በሩ ላሜራ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ «ብረት ሙቀትን በፍጥነት ያስተላልፋል» እያልኩ በጠመኔ ስጽፍ ኖሬ፣ ትርጉሙ የገባኝ እዚያ ነው። ሊነጋጋ ሲል ከጣራው ውርጭ የመሰለ ጠብታ ይወርድብናል፤ ረፋዱ ላይ ደግሞ ግድግዳው ጀርባ አያስደግፍም። ፀሐይ ስትበረታ ቆርቆሮው ሚስማሩን እየጎተተ ይንቋቋል። «ሲሞቅ ይለጠጣል» አልኩ ለራሴ፤ ተማሪ ግን አልነበረኝም።

ወንጀሌም ያው ብረት ነው። ከመታሰሬ ሁለት ሳምንት በፊት ተማሪዎቼን ከፍኖተ ሰላም ማንኩሳ ወስጄ፣ አንድ ብረት ቀጥቃጭ ሽማግሌ ዘንድ ዋልን። ብረት ሲግል እንደሚለሰልስ፣ ሲቀጠቀጥ እንደሚሳሳ፣ እንደጋለ ውሃ ሲገባ እንደሚጠነክር በዓይናቸው እንዲያዩ ብዬ ነው። ሽማግሌው ከመኪና ባሌስትራ ማረሻ አወጡልን። አብሮኝ የሄደው የፊዚክስ መምህር አበልጄ ነው፤ የመጀመሪያ ልጄን ክርስትና ያነሳው እሱ ነው።

ሽማግሌውን እዚያው ቆርቆሮ ቤት አገኘኋቸው። ከእኔ ሁለት ቀን ቀድመው ገብተው በሩ ሥር ተቀምጠዋል። ሌሎቻችን ከየቤታችን የሚመጣልንን አንድ ላይ አድርገን እንበላለን፤ እሳቸው ለብቻቸው፣ በራሳቸው ሳህን። «ቀጥቃጭ ቡዳ ነው» ብሎ አፉን ሞልቶ የተናገረ የለም፤ ኑ ያላቸውም የለም። እኔም አላልኩም። ክፍል ውስጥ «ይህ የድንቁርና ወሬ ነው» እያልኩ ልጆች የምቆጣው ሰውዬ፣ በእኔ ጦስ የታሰሩትን ሽማግሌ ሳልጠራ አራት ቀን በላሁ። ይህን ስጽፍ አሁንም አፍራለሁ።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት መርማሪው አስጠራኝ።

«ሽማግሌው የጠመንጃ አፈሙዝ ሲሠራ አይተሃል። እዚህ ላይ ፈርምና ከሰዓት በኋላ ቤትህ ግባ።»

ጠረጴዛው ላይ ሌላ የተፈረመ ወረቀት ነበር። የአበልጄን ጽሕፈት ከሩቅ አወቅሁት፤ ስምንት ዓመት አንድ ጠረጴዛ ላይ ፈተና አርመናል። ቀጥቃጩ የብረት ቧንቧ ሲበሳ በዓይኔ አይቻለሁ ይላል። ቧንቧው የወናፉ አፍ መሆኑን አበልጄ ያውቃል። የዚያን ቀን እየሳቀ ወናፉን የነፋው ራሱ ነው፤ እሳቱ ሲንቦገቦግ ከልጆቹ ይልቅ የተደሰተው እሱ ነበር። ፈርቶ እንደሆነ ይገባኛል፤ እኔም ፈርቼ ነበር። ቢሆንም ባዕድ ቢያደርገው እንዲያ አያቃጥለኝም ነበር።

«ያየሁት ማረሻ ነው» አልኩት።

«ልጆችህን አስብ እንጂ።»

«አስቤ ነው።»

እስክሪብቶውን ተቀብዬ «ቧንቧው የወናፍ ነው፤ የተሠራው ማረሻ ነው» ብዬ ጻፍኩና ከሥሩ ፈረምኩ። አነበበና ቀደደው።

ስመለስ የምሳ ሰዓት ነበር። ሌሎቹ ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። አልፌያቸው ሄጄ ሽማግሌው ፊት ተቀመጥኩ።

«ምነው መምህር?»

«አባቴ፣ አብረን እንብላ።»

«ኧረ ይቅርብዎ። ነገ እነዚያም አያስጠጉዎ።»

«አያስጠጉኝ።»

ሳህኑን ወደ መካከል ገፉት። ሽሮው ቀዝቅዟል። ትንሽ ሲያመነቱ ቆዩና፣ ቃጠሎ ባጠቆረው እጃቸው ጠቅልለው አጎረሱኝ።

ከሦስት ወር በኋላ ሁለታችንም ያለ ክስ ተፈታን። የሽማግሌው ወናፍ ኤግዚቢት ተብሎ እንደተወሰደ ቀረ፤ አዲስ ቆዳ ሰፍተው ሥራቸውን ቀጠሉ።

በተፈታሁ ዓመት አበልጄ አስታራቂ ሽማግሌዎች ላከብኝ። «አበልጅነት እኮ አይፈርስም፤ ልጁስ ምን አጠፋ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ አይፈርስም።

«እታረቃለሁ» አልኳቸው። «መጀመሪያ ግን ማንኩሳ ይሂድና ቀጥቃጩ ቤት ገብቶ ይቅርታ ይበል። ያቀረቡለትንም ይብላ።»

እርስ በርስ ተያዩ። ከሁሉም ትልቁ ጉሮሯቸውን ጠራረጉና፣ «ይቅርታውስ ይሁን፤ መብላቱ እንኳ...» ብለው ተዉት። እስከ ደጅ ሸኘኋቸው።

ልጄ አንዳንዴ የክርስትና አባቱ ለምን እንደማይመጣ ይጠይቀኛል። መንገድ ላይ ነው እለዋለሁ። ሁለት ዓመት ሆነው።