ቆሎ ተሞልቶ የተሰጠው አገልግል

አክስቴ ወይዘሮ ባንቺዓለም ሞጣ ተወልደው፣ ሞጣ ባል ቀብረው፣ ስፌት ሲሰፉ ያረጁ ሴት ናቸው። ልጅ የላቸውም። «እኔ ስሞት እናቴን በስም የሚጠራት አይኖርም» የሚል ፍርሃት ነበረባቸው። እናም በ፲፱፻፷ዎቹ መጀመሪያ ቢቸና ላይ የአገሬውን ኑሮ የሚያሳይ ባለ አንድ ክፍል ሙዚየም ሲከፈት፣ እናታቸው ወለተ ገብርኤል የሰፉትን አገልግል ሰጡ።

ተሸክሜ ያመጣሁት እኔ አለበል ነኝ፤ ፊደል ከጋዜጣ ቁራጭ የለቀምሁ፣ ያልተጠየቅሁትን ሁሉ የምመልስ የቢቸና ልብስ ሰፊ። ትከሻዬ ሲቆረጥ «የታሪክ ክብደት ነው!» እያልሁ መንገደኛውን ሁሉ ሰበክሁ። ከፍቶ ማየት ለአዋቂ አይመጣለትም።

በዓመቱ አክስቴ ሊያዩት መጡ። አገልግሉ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ከሥሩ የተለጠፈችው ወረቀት «አገልግል፣ ሞጣ» ትላለች። በቃ።

«የእናቴን ስም የቱ ጋ ነው የጻፉት?» አሉኝ።

ደሜ ፈላ። የሙዚየሙን ኃላፊ፣ አቶ ገብረ ሕይወትን፣ ጮኼ ጠራሁት። «ለባላባት ቢሆን እስከ ሰባት ቤት ትቆጥሩ ነበር! የሰፊዋ ስም የት ገባ?»

«ጋሼ አለበል፣ ቀስ ይበሉ። ስሙ መዝገብ ቤት ነው። ዕቃውን ዓይን ያየዋል፤ የማን እንደሆነ የሚናገረው ወረቀቱ ነው። ያለዚያ ይኸ ቆዳና አክርማ ነው።»

«ስሟን አስራችሁታላ!» አልሁ። አማረልኝና ደገምሁት።

መዝገብ ቤት የተባለው ቁም ሣጥን ሲከፈት፣ የወረቀቱ ዳር ዳሩ ብቻ ቀርቷል። መሐሉን አይጥ በልቶታል። ከሥሩ የሽንብራ ቆሎ ተበትኗል።

«ግድግዳው ኖራ ሲቀባ አገልግሉን እዚህ አቆይቼው ነበር» አለ ገብረ ሕይወት ደንግጦ። «የተሰጠንን ዕቃ አንነካካም፤ አልከፈትሁትም።»

«ሳትበሉት ነው?» አሉ አክስቴ። «ባዶ አገልግል ልስደድላችሁ ኖሯል? ሞጣ ሰው የለም ሊባል?»

ታሪክ ያልሁት ሽንብራ ነበር።

አክስቴ መሬት ላይ ተቀመጡ። «አበቃ። እናቴን አይጥ በላት።»

«አላበቃም እትዬ፤ እርስዎ አሉ» ብሎ ገብረ ሕይወት አዲስ ወረቀት አወጣ።

«ጻፍ!» አልሁ ጉሮሮዬን ጠርጌ። «ወለተ ገብርኤል፣ የግፉዓን እናት፣ የድካም ሰማዕት...»

«እርስዎን አልጠየቅሁም» አለ ገብረ ሕይወት።

«አንተ እናቴን መች አየሃትና!» አሉ አክስቴ። «አፍህን ያዝ።»

ያዝሁ። ቢቸና ገበያ ይህን ቢሰማ አያምንም።

አክስቴ ተናገሩ፦ እናታቸው ግራኝ እንደነበሩ፣ ስፌታቸው ሁሉ ወደ ግራ እንደሚዞር፣ ሙያውንም ከአክስታቸው እንደተማሩ። ገብረ ሕይወት አገልግሉን አውርዶ አየ፤ እውነትም ወደ ግራ ይዞራል። ጻፈ፤ አነበበላቸው። ለሌላ ሣጥን ደግሞ ሁለተኛ ግልባጭ አስጻፉት። በመጨረሻም ግድግዳው ላይ «የሰፋችው ወለተ ገብርኤል» የሚል ተጨመረ።

እኔ ለገበያው «ጮኼ አስጻፍሁት» እላለሁ። አክስቴ ሲጠየቁ «እሱ ዝም ሲል ነው የተጻፈው» ይላሉ።